ኦቲዝም ባለባቸው ጎልማሶች ዘንድ በማሰብ ችሎታና በዕለት ተዕለት የኑሮ ብቃት መካከል የሚታየው ልዩነት

አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ከእናቱ ጋር ባሕር ዳር ወደሚገኝ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል መጣ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «ራሱን አይጠብቅም፤ ከሰው አይቀላቀልም፤ በታዘዘለት መድኃኒት አልተሻለውም» ተብሎ ተጽፏል። (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮች ተለውጠዋል።) ወጣቱ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከትምህርት ቤቱ የላቀ ውጤት ካመጡት አንዱ ነበር። የጣና ደሴቶችንና ገዳማቱን በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ ወደ ዘጌ የሚሄዱት ጀልባዎች ስንት ሰው እንደሚጭኑ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ግን የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት እንኳ አላጠናቀቀም። ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩት የመኝታ ክፍል እንቅልፍ አጣ። የምግብ አዳራሹን ጫጫታ ስለማይችለው ሳይበላ መዋል ጀመረ። የፈተና ክፍሉ የተቀየረ ዕለት አዲሱን ክፍል ጠይቆ ማግኘት ስላቃተው በቀድሞው ክፍል በር ላይ ቆሞ ቀረ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ዘመድ «ሰንፎ ነው» አለ፤ ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» አለ። ለወራት ጠበል ከቆየ በኋላ በአንድ የጤና ተቋም የሳይኮሲስ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ከዚያ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ያሉኝ እንዲህ ነበር፦ «ዶክተር፣ መጽሐፉን ሙሉውን በቃሉ ይወጣዋል፤ ሸሚዙን ግን ገልብጦ ለብሶ ይወጣል። ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው?»

የእናትየው ጥያቄ በሕክምናው ዓለም ለረጅም ጊዜ ተገቢውን መልስ ሳያገኝ የቆየ ጥያቄ ነው። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 አሥራ አንድ ልጆችን ጠቅሶ ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ የማስታወስ ችሎታቸው አስደንቆት ነበር። በተከታዩ ዓመት ሐንስ አስፐርገር የገለጻቸውም ልጆች ንግግራቸው የሰመረ፣ ኑሯቸው ግን የተወሳሰበ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን የኦቲዝም መልክ በብዙ ባለሙያዎች አእምሮ ውስጥ የማይናገርና ራሱን የሚያወዛውዝ ሕፃን ሆኖ ተቀረጸ። በሀገራችንም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ትግሉ በመጀመሪያ ለእነዚሁ ሕፃናት ነበር፤ በወቅቱ ከዚህ የሚቀድም ጉዳይም አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት ሁሉ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ከእነርሱ ጋር በዕድሜ የሚስተካከሉ፣ ጥሩ ስለሚናገሩና ትምህርት ስለሚቀበሉ ማንም ኦቲዝም አለባቸው ብሎ ያልጠረጠራቸው ሌሎችም አሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚህ የኋለኞቹ ናቸው።

ሁለቱን ቃላት ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የማሰብ ችሎታ ስንል በአይኪው ፈተና የሚለካውን፣ ነገሮችን የማገናዘብና ችግርን የመፍታት አቅም ማለታችን ነው። የኑሮ ብቃት የምንለው ደግሞ አንድ ሰው በዕድሜው ከእርሱ የሚጠበቀውን ተግባር፣ ማለትም መግባባትን፣ ራስን መንከባከብንና ከሰው ጋር መኖርን፣ ማንም ሳያነሣሣው በየቀኑ የሚፈጽምበት መጠን ነው። የመጨረሻው ሐረግ ዋነኛው ነው። የኑሮ ብቃት የሚለካው ሰውየው ማድረግ በሚችለው ሳይሆን በሚያደርገው ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የታወቀ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውና ሦስተኛ እትሙ በ2016 የታተመው የቫይንላንድ መመዘኛ ሲሆን፣ እንደ አይኪው ሁሉ አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ 15 ነው። ስለዚህ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ይቻላል። የአይኪው ውጤቱ 110፣ በራስ እንክብካቤ ያገኘው ውጤት ግን 70 የሆነ ሰው በሁለቱ መካከል ከሁለት መደበኛ ልይይት የበለጠ ርቀት አለው ማለት ነው። ኦቲዝም በሌለባቸው ሰዎች ዘንድ ሁለቱ ውጤቶች ብዙውን ጊዜ ይቀራረባሉ።

በምዕራብ አውስትራሊያ በ2,225 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የሌለባቸው ልጆች የኑሮ ብቃት ከአይኪው ውጤታቸው አንጻር ከሚጠበቀው በእጅጉ ዝቅ ያለ ነበር። ተመራማሪዎቹም «ከፍተኛ ብቃት ያለው ኦቲዝም» የሚለው የተለመደ መጠሪያ አሳሳች ነው ብለዋል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ልዩነቱ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እየሰፋ እንደሚሄድ ያመለክታሉ። ይህ ሲባል ሰውየው የነበረውን ክህሎት ያጣል ማለት አይደለም፤ ክህሎቱ ቀስ እያለ ሲያድግ ኑሮ የሚጠይቀው ግን በፍጥነት ስለሚጨምር ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያም ምልክቶቹ በልጅነት የሚጀምሩ ቢሆንም፣ ማኅበራዊ ኑሮ የሚጠይቀው ከሰውየው አቅም በላይ እስኪሆን ድረስ ጎልተው ላይታዩ እንደሚችሉ ተቀምጧል። በእኛ ሀገር ያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ወጣቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብበት ጊዜ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? መልሱን ለማግኘት የአይኪው ፈተና እንዴት እንደሚሰጥ ማሰብ ይጠቅማል። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። ፈታኙ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፣ «ጀምር» ይላል፣ ሲበቃም «ይበቃል» ይላል። ጥያቄው አንድ በአንድ ይቀርባል። ከሥራው ከባዱን ክፍል፣ ማለትም መቼና በምን መጀመር እንዳለበት መወሰኑን፣ የሠራው ፈታኙ ነው። የአእምሮ የአመራር ተግባራት የሚባሉት፣ ማቀድ፣ መጀመር፣ ከአንዱ ተግባር ወደ ሌላው መሻገር፣ በፈተናው ክፍል ውስጥ እምብዛም አይጠየቁም። በኑሮ ውስጥ ግን ያለ እነርሱ የሚፈጸም ነገር የለም።

ለምሳሌ ገላ መታጠብን እንውሰድ። እኛ እንደ አንድ ተግባር እንቆጥረዋለን። ሰውየው ግን በመጀመሪያ ሰውነቱ መቆሸሹን ማስተዋል አለበት፤ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ረሃብን፣ ጥማትን፣ ላብን የመሰሉ የራሳቸውን ሰውነት ስሜቶች በጊዜው ለይተው ላያውቁ ይችላሉ። ቀጥሎ የያዘውን ነገር ማቋረጥ አለበት፤ ይህ ለእርሱ ከሁሉም ይከብዳል። ውኃ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ከሌለ ከበርሜል መቅዳት፣ ሳሙናና ፎጣ ማሰናዳት፣ የቀዝቃዛውን ውኃና የሳሙናውን ሽታ መቋቋም፣ ከዚያም የትኛውን ልብስ እንደሚለብስ መወሰን ይከተላል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ከተሰናከለ ሁሉም ይቀራል። የሂሳብ ቀመር የሚፈታ ሰው ይህንን ለምን አይችልም ብሎ መገረም፣ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ የአእምሮ ክፍል ይሠራሉ ብሎ ከማሰብ የሚመጣ ነው።

ሌላው ምክንያት በአንድ ቦታ የተማሩትን በሌላ ቦታ አለመተግበር ነው። ታካሚያችን ከቤቱ እስከ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በባጃጅ ብቻውን መሄድን በሚገባ ተምሯል። መንገድ ተቆፍሮ ባጃጁ በሌላ አቅጣጫ የዞረ ዕለት ግን ወርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሐይቁ ዳር ዓሣ ሲገዛ ሻጩ የጠራውን የመጀመሪያ ዋጋ እንደ መጨረሻ ቃል ወስዶ ይከፍላል፤ ክርክር የሚጠበቅ መሆኑን ማንም በግልጽ ነግሮት አያውቅም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጽናችሁ» ከማለት ይልቅ ሟቹ በምን እንደሞተ ይጠይቃል። ሌሎቻችን እነዚህን ሁሉ ሳናስተውል አይተን ተምረናቸዋል።

በጤና ባለሙያ ዘንድ ብዙ ስሕተት የሚፈጠርበት አንድ ነጥብ አለ። ሰውየው ትናንት ያደረገውን ዛሬ ላያደርገው ይችላል። እንቅልፍ ካጣ፣ ጫጫታ ውስጥ ከዋለ፣ ወይም እንደ ሌላው ሰው ለመምሰል ቀኑን ሙሉ ሲጣጣር ከዋለ፣ ማታ መናገር እንኳ ሊያቅተው ይችላል። እኛም «ሲፈልግ ይችላል፣ ሲፈልግ ይተዋል» ብለን እንጽፋለን። ይህን ዐረፍተ ነገር እኔም በታካሚ ካርድ ላይ ጽፌ አውቃለሁ።

በአካባቢያችን ልዩነቱን የሚሸፍኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቤተሰብ ነው። ለወንድ ልጅ የሚያበስሉለት፣ የሚያጥቡለት፣ ቀስቅሰው የሚያበሉት እናትና እኅቶች ባሉበት ቤት የኑሮ ብቃት ማነስ ለዓመታት ሳይታይ ይኖራል፤ የሚገለጠው እናት ሲታመሙ ወይም ሲሞቱ ነው። ሴት ልጅ ግን ይህ ከለላ የላትም። ቡና ማፍላት፣ እንግዳ መቀበልና ማስተናገድ ገና በልጅነቷ ስለሚጠበቅባት ጉድለቷ ቶሎ ይታያል፤ የሚሰጣት ስም ግን ኦቲዝም ሳይሆን «ባለጌ» ወይም «ኩሩ» ነው። ሁለተኛው ለቃል ትምህርት ያለን ክብር ነው። በጎጃምና በጣና ዙሪያ ባለው የአብነት ትምህርት ወግ በቃሉ የሚይዝ ተማሪ ይከበራል፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችንም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ብዙ በቃሉ የሚይዝ ልጅ ችግር አለበት ብሎ የሚጠረጥር ወላጅ ወይም መምህር አይገኝም።

በምርመራ ጊዜ በቅድሚያ መለየት ያለበት ስኪዞፍሬንያ ነው። ፊቱ ስሜት የማያሳይ፣ ዓይን የማያይ፣ ብቻውን የሚቀመጥና የማይታጠብ ወጣት ሲቀርብ አሉታዊ ምልክቶች ናቸው ብሎ መደምደም ይቀላል። የሚለያቸው ታሪኩ ነው። ስኪዞፍሬንያ ከነበረው ለውጥ ነው፤ ኦቲዝም ከመጀመሪያው አብሮ የነበረ ነው። ስለዚህ እናት ወይም ታላቅ እኅት ስለ መጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት መጠየቅ አለባቸው፦ በጣቱ ያመለክት ነበር? ከልጆች ጋር የማስመሰል ጨዋታ ይጫወት ነበር? ልብስ፣ ድምፅ ወይም ምግብ ያስቸግረው ነበር? ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉም መዘንጋት የለበትም። የድባቴና የጭንቀት ሕመምም ኦቲዝም ባለባቸው ጎልማሶች ላይ በብዛት ይታያል። በስዊድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን፣ ራስን የማጥፋት አደጋም በተለይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት በሌለባቸው ላይ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ችሎታውን የሚያውቅ፣ ውድቀቱንም የሚያውቅ ሰው ነውና ስለ ሞት የሚያስበውን በግልጽ ቃል መጠየቅ ግድ ነው። በተዘዋዋሪ የተጠየቀ ጥያቄ አይገባውም።

ለኑሮ ብቃት ምዘና ቫይንላንድ በእጃችን ባይኖርም መጠየቅ እንችላለን። የዓለም ጤና ድርጅት የአካል ጉዳት መመዘኛ ባለ 12 እና ባለ 36 ጥያቄ ሲሆን፣ በሀገራችን ገጠር ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተፈትሾ ጥቅም ላይ ውሏል። ከዚህ በተጨማሪ «ይችላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «ትናንት ማን አደረገው? ማን አስታወሰው? ስንት ጊዜ?» ብለን ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ ሌላ ነው። ጥያቄዎቹም የእኛን ኑሮ መምሰል አለባቸው፦ ገበያ፣ ባጃጅ፣ ቴሌብር፣ ዕድር፣ የውኃ ፈረቃ። ከውጭ የመጣ ቅጽ ላይ ስለ ባንክ ቼክ የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር ለዘጌ ገበሬ ልጅ ምንም አይለካም።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ ለኦቲዝም ዋና ምልክቶች የሚሰጥ መድኃኒት የለም። አብሮ ያለ ድባቴ፣ ጭንቀት ወይም የእንቅልፍ መዛባት ካለ ይታከማል። የማይታጠብን ሰው እንዲታጠብ ለማድረግ የሳይኮሲስ መድኃኒት መስጠት ግን ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይታይም፤ የተጀመረ ካለም በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ፣ በክትትል ይቀነሳል። የሚጠቅመው የዕለቱን ሥራ በትንንሽ እርምጃዎች ከፋፍሎ በሥዕል ወይም በጽሑፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ የሞባይል ማስታወሻ ደወል መጠቀም፣ ለውጥ ሲመጣ አስቀድሞ መንገር፣ ጫጫታን መቀነስ ነው። ይህን በሙያቸው የሚሠሩት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ትምህርቱ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሰጠት መጀመሩ ለአካባቢያችን ትልቅ ነገር ነው። እስከዚያው ድረስ ነርሱም የጤና መኮንኑም ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ አንድ የዕለት ሰሌዳ ለማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

የምንጽፈው የሕክምና ማስረጃም ክብደት አለው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ይጠይቃል። «ኦቲዝም አለበት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ለዩኒቨርሲቲም ሆነ ለአሠሪ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። «ጸጥ ያለ የመኝታ ክፍል ያስፈልገዋል፤ የፈተና ቦታ ሲቀየር በጽሑፍ ይነገረው» የሚል ግን ይነግረዋል።

የታካሚያችን መድኃኒት በአምስት ወር ውስጥ ተቀንሶ ቆመ፤ የእጁ መንቀጥቀጥም ጠፋ። በዚህ ዓመት ቤቱ እያደረ እዚሁ ባሕር ዳር ትምህርቱን ቀጥሏል። ምሳውን ከቤት ይዞ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ አሥራ አንድ መስመር አለው፤ ዘጠኙን ብቻውን ይፈጽማል። መታጠብንና የሸሚዙን ነገር ግን እስካሁን የሚያስታውሱት እናቱ ናቸው፤ ባለፈው ቀጠሮ ላይም እርሳቸው ከሌሉ ማን እንደሚያስታውሰው ጠየቁኝ።