ለቤት ማሞቂያ መኪና የሚስማማውን የአየር ማጣሪያ ስለ መምረጥ

ጠጅ የምታጠልል እመቤት ማጥለያዋን ስትመርጥ ትጠነቀቃለች። ሸማው የሳሳ እንደ ሆነ ጌሾውና ሰፈፉ ከጠጁ ጋራ ያልፋል፤ እጅግ የወፈረ እንደ ሆነም ጠጁ አልወርድ ብሎ እንግዳው በገበታ እንደ ተቀመጠ ይመሽበታል። ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው በአሜሪካ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ዛሬ የምንነግራቸው የቤት ማሞቂያ ማጣሪያ ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

በሚኒሶታና ይህን በመሰለው ብርዳም አገር ብዙው ቤት የሚሞቀው በምድር ቤት በተተከለ በአንድ መኪና ነው። መኪናው በጋዝ እሳት ብረቱን ያግላል፤ ማራገቢያውም የቤቱን አየር ስቦ በጋለው ብረት ዙሪያ ካሳለፈው በኋላ በቦይ አድርጎ ወደየክፍሉ ይልከዋል። አየሩ ወደ መኪናው ሳይገባ የሚያልፍበት፣ በካርቶን የተከፈፈውና እንደ ቀሚስ የተሸበሸበው ስስ ነገር ማጣሪያው ነው። ሥራውም ሁለት ነው፤ መኪናውን ከአቧራ ይጠብቃል፤ የቤተ ሰቡንም ሳንባ ይረዳል።

ባንድ የብርድ ወራት በዚያ አገር ዘመዳችንን ልንጠይቅ ሄደን ሳለን ያየነው ነገር ይህን እንድንጽፍ አነሣሣን። ዘመዳችን አስም የያዘው ትንሽ ልጅ ስላላቸው፣ ዋጋው የበለጠውና ሽመናው የጠበቀው ማጣሪያ ይሻላል ብለው ገዝተው አገቡ፤ ከዚያም ወራት ሙሉ ሳያዩት ቀሩ። በረዶ በወረደበት ሌሊት መኪናው እየተነሣ ወዲያው ይጠፋ ጀመር፤ ልጁም ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ተደርቦለት አደረ። በማግሥቱ የመጣው ባለሙያ አንዳች ሳይፈታ ማጣሪያውን ቢያወጣው ጠቍሮ እንደ ቡልኮ ወፍሮ ተገኘ። አየር ሲያንስ ብረቱ ከልክ በላይ ስለሚግል፣ እሳቱን የሚያጠፋ ጠባቂ መሣሪያ በመኪናው ውስጥ አለ፤ ያስቆመውም እርሱ ነበር። አባት ለልጁ አስቦ ያደረገው ነገር ልጁን በብርድ አሳደረው።

እንግዲህ ማጣሪያ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ልኩን ከአሮጌው ጠርዝ ላይ ያንብብ፤ ለምሳሌ 16 በ25 በ1 ኢንች የሚል ይገኝበታል። ማጣሪያው አንሶ ክፍተት የተገኘ እንደ ሆነ አየሩ ሳይጣራ በጎን ያልፋል።

ቀጥሎ መርቭ የሚባለውን ቍጥር ይመልከት። ይህ የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው መለኪያ ነው። መርቭ 8 የተባለው ከ3 እስከ 10 ማይክሮን ከሚሆነው ትቢያ ከመቶ 70 ያህሉን ቢያንስ ይይዛል፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። መርቭ 13 ግን ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮን ከሆነው ከረቂቁ የጢስ ብናኝ እንኳ ቢያንስ ከመቶ 50 ያስቀራል። የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም መርቭ 13ን፣ ወይም መኪናው የሚችለውን ከፍተኛ ቍጥር ይመክራል። የምክሩ ፍሬ «መኪናው የሚችለውን» የሚለው ነው። ይህም ከመኪናው ጋራ በመጣው መጽሐፍ ይገኛል፤ ከጠፋም ባለሙያ ይጠየቃል። ማግቢያው የ4 ኢንች ማጣሪያ የሚቀበል እንደ ሆነ፣ ሽብሽቡ ሰፊ ስለ ሆነ ረቂቁን እየያዘ አየሩን በቀላሉ ያሳልፋል።

ሲያገቡትም መኪናውን አጥፍተው፣ በጠርዙ የተሣለው ቀስት ወደ መኪናው እንዲያመለክት ማድረግ ይገባል። ከዚያ በኋላ በየወሩ አውጥቶ ማየት ነው፤ ባለ 1 ኢንቹ ቢዘገይ በ3 ወር ይለወጣል። ዕጣን በሚጤስበትና ቡና በሚቈላበት በእኛ ሰው ቤት ግን ቶሎ ይጠቍራል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። በከሰል እሳት ሰው የሚገድለውን ሽታ የሌለውን መርዝ ማናቸውም ማጣሪያ አያስቀረውም፤ የተበላሸ ማሞቂያም ይህንኑ ሊያወጣ ስለሚችል፣ የሚያስጠነቅቀውን ደወል በመኝታ ቤት አጠገብ መስቀል ግዴታ ነው።

ስለዚህ በዚያ አገር ልጆች ያሏችሁ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ የብርድ ወራት ሲገባ «ደኅና ናችሁን?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ «ማጣሪያውንስ አይታችሁታልን?» ብላችሁ ጨምሩበት።