ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ
ስለ ተከታታይ የክምችት አመዘጋገብ

በአንድ ሱቅ ውስጥ ምን ያህል ዕቃ እንዳለ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሂሳብ ዓመቱ ሲዘጋ መደርደሪያውን መቁጠር ነው። ሁለተኛው ዕቃ በገባና በወጣ ቁጥር ወዲያውኑ መመዝገብ ነው። ይኸኛው ተከታታይ የክምችት አመዘጋገብ ይባላል። ለየዕቃው ዓይነት ካርድ ይከፈትና ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ ይጻፍበታል። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት የኅብረት ሱቅ ሂሳብ ያዙ ልንባል እንችላለንና አሠራሩን ለማስረዳት ባዘጋጀነው ምሳሌ እንየው። ታክስን ለጊዜው ትተነዋል።

ሀ. ግዢ፦ ሱቁ 200 ደብተር አንዱን በ40 ብር ሂሳብ በዱቤ ገዛ እንበል። የሸቀጥ ክምችት 8,000 ዴቢት፣ ተከፋይ ሂሳብ 8,000 ክሬዲት ይደረጋል። ለማጓጓዣ 400 ብር በጥሬ ገንዘብ ተከፈለ። ይህስ የት ይግባ? ደብተሩ ሱቅ እስኪደርስ የወጣው ገንዘብ የደብተሩ ዋጋ አካል ስለሆነ ክምችት 400 ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ 400 ክሬዲት ይሆናል። እንግዲህ ክምችቱ 8,400 ብር፣ አንዱ ደብተር 42 ብር ሆነ ማለት ነው።

ለ. ሽያጭ፦ 50 ደብተር አንዱ በ50 ብር በጥሬ ገንዘብ ተሸጠ። ልብ እንበል፤ አንድ ሽያጭ ሁለት ምዝገባ ይጠይቃል። መጀመሪያ በመሸጫ ዋጋ ጥሬ ገንዘብ 2,500 ዴቢት፣ ሽያጭ 2,500 ክሬዲት። ቀጥሎ ሱቁን በፈጀው ዋጋ የተሸጡ ዕቃዎች ዋጋ 2,100 ዴቢት፣ ክምችት 2,100 ክሬዲት። ሁለተኛው ከተዘለለ ደብተሩ ከመደርደሪያ ወጥቶ ሳለ በመዝገብ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

ሐ. ተመላሽ፦ 2 ደብተር ሳይበላሽ ተመለሰ። አሁንም ሁለት ምዝገባ ነው። የሽያጭ ተመላሽ 100 ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ 100 ክሬዲት፤ ክምችት 84 ዴቢት፣ የተሸጡ ዕቃዎች ዋጋ 84 ክሬዲት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? አሁን መዝገቡ 152 ደብተር፣ 6,384 ብር አለ ይላል። ሲቆጠር ግን 149 ብቻ ተገኘ እንበል። 3 ደብተር፣ 126 ብር ጎድሏል። በዓመት አንዴ ብቻ በሚቆጥረው ሱቅ ይህ ጉድለት ለብቻው አይታይም። እዚያ በቆጠራ ያልተገኘ ዕቃ ሁሉ እንደተሸጠ ስለሚታሰብ የተሰረቀውም፣ አይጥ የበላውም ከተሸጠው ጋር ተደባልቆ ይቀራል። በተከታታዩ ግን ጉድለቱ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ምክንያቱ ከተጣራ በኋላም ክምችቱ 126 ብር ክሬዲት ተደርጎ ከቆጠራው ጋር ይስተካከላል።

አንዳንድ ሰው ካርድ የሚያዘው ንብረት ያዡ ስላልታመነ ነው ይላል። እኛ ግን ተቃራኒውን ነው የምንለው። ዕቃ ጎደለ ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እኮ ቁልፍ የያዘው ነው። በየቀኑ እየመዘገበ በየሳምንቱ የሚቆጥር ሰው ጉድለቱ በየትኛው ሳምንት እንደደረሰ በቁጥር ያሳያል። ካርድ የሌለው ግን ያለው መሐላ ብቻ ነው።

ዛሬ በትልልቅ መደብሮች ሁለቱንም ምዝገባ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ይሠራዋል። ቢሆንም ካርድም ሆነ ኮምፒዩተር ቆጠራን አይተካም። መዝገቡ ሊኖር የሚገባውን፣ ቆጠራው በእጅ ያለውን ይነግረናል። ሁለቱን ማስተያየት የእኛ ሥራ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል!