ብር ቁስል ያድናል? ከፒያሳ አንጥረኛ እስከ ስድስት ኪሎ ሐኪም

«ብር» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቴሌብር ላይ የቀረችው ሒሳብ ናት። ቃሉ ግን መጀመሪያ የማዕድኑ ስም ነው። አያቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብር፣ ማለትም የማርያ ትሬዛ ሳንቲም፣ 28 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኞችም ሳንቲሙን እያቀለጡ መስቀል፣ አምባርና የአንገት ጌጥ ሠርተውበታል። የፒያሳ ትልቅ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ መልኩ ቢለወጥም፣ የሰፈሩ ስም ዛሬም ከወርቅና ከብር ቤቶች ጋር እንደተያያዘ ነው።

ከፒያሳ ወደ ላይ ስድስት ኪሎ ስትደርሱ የካቲት 12 ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) «ቤተ ሳይዳ» ብለው ያቋቋሙት ይህ ሆስፒታል፣ ዛሬ በከተማዋ በቃጠሎ ሕክምናው ይታወቃል። በዓለም ዙሪያ ባሉ የቃጠሎ ክፍሎች ደግሞ ብር ጌጥ አይደለም፣ መድኃኒት ነው። በቅባት መልክ ይቀባል፤ ከጎዝና ከስፖንጅ መሰል ጨርቅ ጋር ተዋሕዶም ቁስል ላይ ይታሸጋል።

ታዲያ ብር ቁስል ያድናል? አጭሩ መልስ «ብር ጀርም ይገድላል፣ ቁስሉን የሚያድነው ግን ራሱ ሰውነት ነው» የሚል ነው። ይህን ልዩነት አለማወቅ ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንዴም እግር ያስቆርጣል።

ብሩ ምን ይሠራል?

ደረቅ ብር ብቻውን ብዙም አይሠራም። እርጥበት ሲያገኝ ግን «አዮን» የሚባሉ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶችን ይለቃል። እነዚህ የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳሉ፣ ፕሮቲኖቹ ላይ ተጣብቀው ሥራ ያስቆማሉ፣ መራባቱንም ያውካሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ስለሚመታ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችን ይገድላል።

«እንግዲያው የአንገቴን ሐብል ቁስሌ ላይ ላድርገው?» የሚል ካለ፣ በፍጹም! የጌጥ ብር የሚለቀው አዮን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ብዙ ጊዜ ከመዳብ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ከጀርምም የጸዳ አይደለም። የሕክምናው ብር አዮኑን በልክና ለቀናት እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ሐኪሞች ብርን መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ክሬዴ አዲስ የተወለዱ ሕጻናት ዓይን ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ በማድረግ ብዙዎችን ከዓይነ ስውርነት አትርፏል። አንቲባዮቲክ ሲመጣ ብር ወደ ጎን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ግን በአሜሪካ ቻርለስ ፎክስ ብርን ከአንድ የሰልፋ መድኃኒት ጋር አዋሕዶ «ሲልቨር ሰልፋዳያዚን» የተባለውን ነጭ የቃጠሎ ቅባት አስተዋወቀ። ቅባቱ በአገራችንም ለቃጠሎ ይታዘዛል።

ለየትኛው ቁስል?

ቃጠሎ፦ የተቃጠለ ቆዳ ጀርም የሚከለክለውን አጥር አጥቷል። ስለዚህ ጠለቅ ላለ ወይም ለማመርቀዝ ለተጋለጠ ቃጠሎ ብር ትርጉም አለው። ነጩ ቅባት ግን ችግር አለበት፤ በየቀኑ እየታጠበ እንደገና መቀባት አለበት፤ ይህም ያማል። ቁስሉ ላይ የሚፈጥረው ሽፋንም ሐኪሙ ጥልቀቱን በደንብ እንዳያይ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኮክሬን ግምገማ፣ ነጩ ቅባት የተቀባላቸው ቃጠሎዎች ሲሊኮን ወይም ብር ያለው መሸፈኛ ከተደረገላቸው ዘግይተው እንደሚድኑ አሳይቷል። ብር ያለው መሸፈኛ እንደ ዓይነቱ ለቀናት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። በየጊዜው ፋሻ ሲፈታለት ለሚያለቅስ ሕጻን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ላይ ላዩን የቀላ ትንሽ ቃጠሎ ግን ብር አያስፈልገውም።

ያመረቀዘ ቁስል፦ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ካለ ብር ሊያግዝ ይችላል። የሞተው ሥጋ ሳይጸዳ ብር ብታለብሱት ግን ቆሻሻ ላይ ነጠላ እንደማልበስ ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ ሰውነት ገብቶ ትኩሳት ካመጣ፣ ከላይ የሚደረግ ብር አይበቃም፤ ሐኪሙ የሚያዝዘው አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል።

የቆየ የእግር ቁስል፦ እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት፣ ከደም መልስ ችግር የመጣ የእግር ቁስል ያለባቸውን 213 ሰዎች ተከታትሏል። ግማሾቹ ብር ያለው መሸፈኛ፣ ሌሎቹ ብር የሌለው ተደረገላቸው። በ12 ሳምንት ውስጥ በዳኑት ቁጥር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እነዚህን ቁስሎች ይበልጥ የሚያድነው እግሩን በሚያጠብቅ ፋሻ በሥርዓቱ መጠቅለል ነው።

የስኳር ሕመምተኛ እግር፦ ዋናው አደጋ እዚህ ጋ ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ ጠጠር ሲወጋው እንኳ ላያውቅ ይችላል። ዓለም አቀፉ የስኳር እግር መመሪያ ቁስሉ ይድን ዘንድ ብር ያለው መሸፈኛ እንዳይደረግ ይመክራል። ቁስሉን የሚያድኑት ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ማንሳት፣ የሞተውን ሥጋ ማስወገድ፣ የደም ዝውውሩን ማስመርመርና ስኳሩን መቆጣጠር ናቸው። አባታችሁ እግራቸው ላይ ቁስል ካለ፣ ውዱን ፋሻ ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትዞሩ የሚያልፈው ሳምንት ነው የሚጎዳቸው። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

ንጹሕ ቁስል፦ ቢላ የቆረጠው ጣት በንጹሕ ውሃና ሳሙና ታጥቦ በፕላስተር ቢታሸግ በቂው ነው።

የሁለት ሳምንት ደንብ

የቁስል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በደረሱበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ቀላል ልማድ አስቀምጠዋል፤ ብር ያለው መሸፈኛ ለሁለት ሳምንት ይሞከር። ቁስሉ ከተሻለውና የኢንፌክሽን ምልክቱ ከጠፋ ወደ ተራ መሸፈኛ ይመለስ። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ያንኑ ከመደጋገም ሐኪሙ ምክንያቱን እንደገና ይፈልግ። «ውድ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ ለወራት ማሸግ ኪስ ነው የሚያደርቀው።

ጥንቃቄም አለው። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ነጩን ቅባት መቀባት የለበትም። ከሁለት ወር በታች ላሉ ሕጻናትና መውለጃዋ ለደረሰ ነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ለኤምአርአይ ምርመራ የምትገቡ ከሆነ ብር ያለው መሸፈኛ እንዳደረጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ኢንተርኔት ላይ «ለሁሉም በሽታ» እየተባለ የሚሸጠውን የሚጠጣ የብር ውሃ ደግሞ ተዉት። ብር በሰውነት ውስጥ ሲከማች ቆዳን ወደ ግራጫ ሰማያዊ ይለውጣል፤ ያ ቀለም በአብዛኛው አይለቅም።

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 180 ሺህ ያህል ሰዎች በቃጠሎ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ብዙው አደጋ የሚደርሰው እቤት ነው። የሻይ ጀበና፣ የፈላ ወጥ፣ ምጣድ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ከሰል፤ ሁሉም ለሚድህ ልጅ ቅርብ ናቸው።

ልጁ ከተቃጠለ ማንም ቅባት ፍለጋ አይሩጥ። ቃጠሎውን በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ቧንቧው ከሌለ በጆግ እያፈሰሳችሁ ቀጥሉ፤ በረዶ ግን አይሆንም። የተቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው አልብሱት። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ቅቤ አትቀቡ፤ ውሃ የቋጠረውንም አታፈንዱ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያና ብልት ላይ የደረሰ ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም ለሐኪም መታየት አለበት። ለአምቡላንስ 907፣ ለእሳት አደጋ 939 ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡ።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ እጅ ከተቃጠለ ቀለበትና አምባሩን ቶሎ አውልቁ። እጁ ሲያብጥ ጣቱን አንቆ ደም ያቆማል። በቃጠሎ ጊዜ የብር የመጀመሪያ ቦታው ከጣት ላይ መውለቅ ነው። የሕክምናው ብር ይምጣ አይምጣ ደግሞ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ይወስን።