እውነት ወይስ ተረት? ቤት ገዢውና ከግቢው ሥር የተቀበረው የፍሳሽ ቱቦ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ሐበሻ በብዛት ቤት በሚገዛባቸው እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ ከተሞች፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የተሠሩ ቤቶች ሞልተዋል። ገዢው ኩሽናውን፣ ጣሪያውንና ቤዝመንቱን አገላብጦ ያያል። ከቤቱ ወጥቶ፣ በግቢው ሥር አልፎ ከመንገዱ ዋና መስመር ጋር የሚገናኘውን የፍሳሽ ቱቦ ግን ብዙዎች ሳያስፈትሹት ይፈርማሉ። ከዚህ ጀርባ ያሉት አባባሎች ሲደጋገሙ እውነት መስለዋል።

«ኢንስፔክተሩ ቤቱን ፈትሿል፤ ፍሳሹንም አይቶታል»

አላየውም። የተለመደው የቤት ፍተሻ ዓይን የሚደርስበትን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ከመሬት በታች ያለው ከፍተሻው ውጪ ነው። ኢንስፔክተሩ ቧንቧ ይከፍታል፣ የሽንት ቤቱን ውኃ ይለቃል፤ ከወረደ ይሠራል ብሎ ይጽፋል። የዛፍ ሥር ገብቶበት ግማሹ የተዘጋ ቱቦም ቢሆን የጥቂት ደቂቃ ውኃ ያሳልፋል። ቤቱ ለወራት ሰው ካልኖረበት ደግሞ ሙከራው ብዙም አይናገርም። ቤተሰቡ ገብቶ ገላውን ሲታጠብ፣ ልብስ ሲያጥብ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ያኔ ፍሳሹ ተመልሶ የሚመጣው በዝቅተኛው ቀዳዳ፣ በቤዝመንቱ ወለል በኩል ነው።

መስመሩን የሚያሳየው በረጅም ገመድ ጫፍ የሚገባ ካሜራ ነው። ለብቻው ታዝዞ ለብቻው ይከፈልበታል። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ቱቦውን ቆፍሮ መቀየር ግን ሺዎችን ይጠይቃል፣ ጠልቆ ከተቀበረ ወይም አስፋልት መስበር ካስፈለገ ደግሞ ከአሥር ሺህ ሊያልፍ ይችላል።

«ቤቱ ሙሉ በሙሉ ታድሷል፤ ምን ያሰጋል?»

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ቤት አድሶ የሚሸጥ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያወጣው ገዢ በሚያየው ነገር ላይ ነው። ወለሉ፣ ካቢኔቱ፣ መታጠቢያው አዲስ ይሆናል፤ ቱቦው ግን ሆን ተብሎ ካልተቀየረ የቤቱ እኩያ ነው።

በዚያ ዘመን ከተቀበሩት ብዙዎቹ የሸክላ ቱቦዎች ናቸው። ሸክላው ራሱ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ችግሩ አጫጭር ቁርጥራጮች እየተጋጠሙ የተዘረጋ መሆኑ ነው። የዛፍ ሥር እርጥበት ፍለጋ በየመጋጠሚያው ይገባል። ካሜራው እዚያ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ትንሽ አልፎ ወረቀትና ቅባት የያዘ ወፍራም ጉንጉን መንገዱን ይዘጋዋል። የብረት ቱቦ ከሆነ ከውስጥ ዝጎ ይሻክራል፣ ታችኛው ወለሉም እየተበላ ይሄዳል።

ከሁሉ የከፋው ኦረንጅበርግ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ይመረትበት ከነበረው የኒውዮርክ ግዛት ከተማ ነው። የእንጨት ቃጫና ሬንጅ ተቀላቅሎ የተሠራ ሲሆን፣ ርካሽ ስለነበረ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩ ቤቶች በብዛት ተቀበረ፤ ምርቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከጊዜ ብዛት በአፈሩ ክብደት ሞላላ ይሆናል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ በመጨረሻም ይደረመሳል። ካሜራው ይህን ካሳየ መጥረግ ጊዜ ይገዛል እንጂ መፍትሔ አይሆንም፤ መቀየሩ አይቀርም።

«አዲስ ቤት ካሜራ አያስፈልገውም»

ፕላስቲክ ቱቦም ቢሆን ከሥሩ ያለው አፈር በደንብ ካልተጠቀጠቀ ይሰምጣል። ካሜራው በተኛ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ጥቂት ሜትር ከሄደ ቱቦው ሆድ አውጥቷል ማለት ነው። ቱቦውን ሳይቆፍሩ ከውስጥ በሽፋን መለበጥ ይህን አያስተካክለውም፤ ሽፋኑ የሰመጠውን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል።

«ከአጥሬ ውጪ ያለው የመንግሥት ነው፤ ለቀረው ኢንሹራንስ አለኝ»

እንደየቦታው ነው። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ባለቤቱ የሚጠየቀው እስከ ይዞታው ወሰን ላለው ነው። በቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ግን እስከ ዋናው መስመር መጋጠሚያ ድረስ ያለው የባለቤቱ ዕዳ ነው። መደበኛ የቤት ኢንሹራንስ በእርጅና ወይም በዛፍ ሥር የተበላሸ ቱቦን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ለፍሳሽ መመለስ ተብሎ በተጨማሪ ክፍያ የሚገዛው ሽፋንም በአብዛኛው የሚክሰው ቤት ውስጥ የተበላሸውን እንጂ ቱቦውን አይደለም።

«ችግር ካለ ሻጩ በሕግ ይነግረኛል»

ቨርጂኒያ ገዢ ራሱ እንዲጠነቀቅ የምትተው ግዛት ናት። በሜሪላንድ ሻጩ የሚያውቀውን ስውር ጉድለት መናገር ቢኖርበትም፣ ስለ ቤቱ ሁኔታ ምንም ማረጋገጫ አልሰጥም ብሎ መፈረም ይችላል። ደግሞም ያላየውን ቱቦ ምን ብሎ ይነግርዎታል?

«ካሜራው ጉድለት ካገኘ ቤቱን መተው ነው»

የግድ አይደለም። ካሜራው የሚታዘዘው በውሉ ላይ ለፍተሻ የተሰጠው ቀን ሳያልፍ ነው፤ ያኔ ዋጋ ማስቀነስ፣ ሻጩን ማስጠገን ወይም ያለ ኪሳራ መውጣት ይቻላል። ቪዲዮውን ራሱን ይቀበሉ። ጉድለቱ ከመግቢያው በስንት ጫማ ርቀት ላይ እንዳለና ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ቦታውን ከላይ በመሣሪያ ለማግኘት የሚያስችል ምልክት ይልካሉ። ሻጩ አስጠግኛለሁ ካለ ደግሞ፣ ከክሎዚንግ (ሽያጩ ከሚጠናቀቅበት ቀን) በፊት ካሜራው ተመልሶ ይግባ።