ሃይፐርስፔክትራል ካሜራ በእንሰት ጓሮ

ሃይፐርስፔክትራል ካሜራ ስሙ ከበድ ስለሚል ብዙ ሰው ሳይተዋወቀው ያልፈዋል። ሥራው ግን ቀላል ነው። የስልካችን ካሜራ ብርሃንን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብሎ ሦስት ቦታ ይከፍላል። ይሄኛው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ቀጫጭን ባንዶች ይከፍለዋል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድም ይጨምራል። እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ ግራፍ ይኖረዋል። መሠረቱ ይኸው ነው።

ባሕር ያላቸው አገሮች የኮራል ሪፍን ጤና ይከታተሉበታል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኮራል» በተባለው ዘመቻው መሣሪያውን አውሮፕላን ላይ ጭኖ የአውስትራሊያን ታላቅ ሪፍ ቃኝቷል። ኮራል ሲጎዳ በውስጡ የሚኖሩትን ባለቀለም ጥቃቅን አልጌዎች ያጣል፤ የሚመልሰው ብርሃንም ይለወጣል። ችግሩ ውሃ ኢንፍራሬዱን መዋጡ ነው፤ ለተመራማሪው የሚተርፈው በዓይን የሚታየው ብርሃን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የጉራጌ እንሰት የቆመው በየብስ ላይ ስለሆነ ይህ ዕዳ የለበትም።

ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከሚያርፍበት ኢንፍራሬድ ግን ግማሽ ያህሉን መልሶ ይረጨዋል። በሁለቱ መካከል፣ ከ680 እስከ 750 ናኖሜትር አካባቢ፣ ግራፉ ሽቅብ ይወጣል። እኔ የምወደው ይህን ዳገት ነው። ክሎሮፊል ሲቀንስ ዳገቱ ወደ አጭሩ የሞገድ ርዝመት ይንሸራተታል፤ ቅጠሉ ውሃ ሲያጣ ደግሞ በ970 እና በ1200 ናኖሜትር አካባቢ ያሉት ጎድጓዳዎች ጥልቀታቸው ይቀንሳል። ለውጡ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል ባንዱ ሰፊ ከሆነ ካሜራ ያመልጣል።

«በሽታን ከሰማይ ያያል» የሚባለው ግን ከዚህ ተነስቶ የመጣ ስህተት ነው። አያይም። እንሰት አጠውልግን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1968 አሳውቀውታል። ከተክል ወደ ተክል ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ነው። ካሜራው የሚያየው ጥማቱንና መገርጣቱን እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። ድርቅም ያጠወልጋል፤ ፍግ ያጣ ጓሮም ይገረጣል፤ ፍልፈል ሥሩን የበላው እንሰትም ይደርቃል። ቸሃ ውስጥ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ካሜራው ሳተላይት ላይ የመጫኑን ነገር በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ቢላዋውንስ ያያል?» አሉኝ። በየስብሰባው ከምሰማው ጥያቄ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚዘነጋው የፒክስል ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጠቀው የጣሊያኑ ፕሪዝማም ሆነ በ2022 የተከተለው የጀርመኑ ኤንማፕ፣ የአንድ ፒክስላቸው ስፋት 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ 900 ካሬ ሜትር ማለት ነው። እስቲ ይህን ፒክስል ጉራጌ መንደር ላይ ጣሉት። ከፊት ሣር የለበሰው ሰፊው ጀፎረ፣ ቀጥሎ ጎጆው ወይም የቆርቆሮው ጣሪያ፣ ከጀርባ እንሰቱ፣ ጥጉ ላይ ቡና፣ አለፍ ሲል ጫት ወይም ባሕር ዛፍ አለ። ፒክስሉ ይህን ሁሉ ጨምቆ አንድ ግራፍ ያወጣል፤ ጥቂት የታመሙ እንሰቶች እዚያ ውስጥ ይሰወራሉ። በሂሳብ መልሶ መነጣጠል ይቻላል፤ ጥሩ ባለሙያ የክትፎውን ቅቤ ቀምሳ ኮረሪማው እንደበዛ፣ ኮሰረቱ እንዳነሰ እንደምትለየው ማለት ነው። እሷ ግን የእያንዳንዱን ቅመም ጣዕም አስቀድማ ታውቃለች። እኛም የአዲሱንና የዛገውን ቆርቆሮ፣ የክረምቱንና የበጋውን ሣር፣ የጤነኛውንና የታመመውን እንሰት ግራፍ በየፊናው ለክተን ካልያዝን ሂሳቡ ግምት ይሆናል።

ወቅትም ይመረጣል። ክረምት ላይ ደመናው አያሳይም። ጥርና የካቲት ላይ ግን እህሉ ታጭዶ፣ ሣሩ ደርቆ፣ እንሰትና ሌሎች ቋሚ ተክሎች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ፤ ያኔ መለየቱ ይቀላል።

እናም ወልቂጤንና ቡታጅራን ሳይረግጡ ከአዲስ አበባ ሆነው ምስሉን ቀይና አረንጓዴ ቀብተው «የበሽታ ካርታ» የሚሉትን ወንድሞቼን እቆጣለሁ። ከዚህም በላይ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ሰንቲኔል-2 13 ባንድ ብቻ ያለው እንጂ ሃይፐርስፔክትራል አይደለም። ታህሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የራሳችን ባለ 72 ኪሎ ሳተላይትም በጥቂት ሰፋፊ ባንዶች የምትሠራ ነበረች። የሁለቱም ምስሎች ለሌላ ሥራ ይጠቅማሉ፤ ያልተፈጠሩበትን ግን አንጫናቸው።

ካሜራው ዋጋ የሚያወጣው የግብርና ባለሙያው የትኛውን ቀበሌ አስቀድሞ በእግሩ እንደሚያይ ሲጠቁም ነው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገን በእጅ የሚያዝ መለኪያ ይዞ ጓሮ ለጓሮ የሚዞር ተማሪ ነው፤ ቀኑን፣ የእንሰቱን ዝርያና ዕድሜ፣ የታመመ መሆን አለመሆኑን ከግራፉ ጎን የሚጽፍ። ሳተላይቶቹ ወጥተዋል። የጎደለው ይህ መዝገብ ነው።