የደከመ ሕፃን ለምን አልተኛም ይላል?
ከሁለት የቀን እንቅልፍ ወደ አንድ የሚደረገው ሽግግር

ድክ ድክ ማለት የጀመረ ልጅ ያላቸው ወላጆች ወደ ሕፃናት ሐኪም ሲመጡ በተደጋጋሚ የሚያነሡት ስሞታ አለ። ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ደኅና አድርጎ ይተኛ ነበር፤ አሁን ግን ከሁለቱ አንዱን እንቢ ብሏል። አመሻሹ ላይ ይነጫነጫል፤ ማታ ሊያስተኙት ሲሉ ከአልጋ ወርዶ ይሮጣል፤ ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል፤ ዶሮ ሳይጮኽም ይነሣል። «ይህ ልጅ ድካም የሚባል ነገር አያውቅም» ይላሉ ወላጆች። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጁ ደክሟል፤ እንቅልፍ የነሣውም ድካሙ ነው።

አባባሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ሰው ሲደክመው ይተኛል እንጂ ድካም እንዴት እንቅልፍ ይነሣል? መልሱን ለማግኘት እንቅልፍ በምን ኃይል እንደሚመጣ መገንዘብ ያሻል።

የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት እንቅልፍን የሚገዙት ሁለት ሂደቶች ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ዕዳ የሚጠራቀም ነው። አንጎል ነቅቶ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር እየተከማቸ ይሄዳል፤ ክምችቱ በጨመረ መጠን የመተኛት ፍላጎት ያይላል፤ ስንተኛም ይቃለላል። (ቡና እንቅልፍ የሚያባርረው የዚህን ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚያግድ ነው። ሻይም ቢሆን ያው ካፌይን አለበት፤ ስለዚህ ለሕፃን ማቅመስ ተገቢ አይደለም።) ሁለተኛው ሂደት በብርሃንና በጨለማ የሚቃኘው የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለው። ሌሊቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት የምሽት ሰዓታት የተጠራቀመውን ዕዳ ለመቋቋም ንቃትን ያበረታል፤ ቀጥሎ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ሲመነጭ በሩን ለእንቅልፍ ይከፍታል።

ሕፃናት ዕዳው ቶሎ ይሞላባቸዋል፤ በቀን ደጋግመው የሚተኙትም ለዚህ ነው። ዕድሜያቸው ሲጨምር ክምችቱ እየዘገየ ስለሚሄድ ነቅተው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል፤ ከሁለት የቀን እንቅልፍ ወደ አንድ የሚያሻግራቸውም ይኸው የአንጎል ዕድገት ነው። ችግሩ ዕድገቱ በአንድ ጀንበር አለመጠናቀቁ ነው። ለሁለት እንቅልፍ የበዛ፣ ለአንድ ግን ገና ያልጠና ልጅ ለሳምንታት በመካከል ይንገላታል። በዚያ ወቅት ከአቅሙ በላይ ነቅቶ የዋለ ልጅ ሰውነቱ ራሱን ለማቆም ንቃትን የሚያበረቱ ሆርሞኖችን ይጠቀማል፤ በዚህ ላይ የውስጣዊው ሰዓት የምሽት ንቃት ሲታከልበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በሳቅ እየፈነደቀ ሶፋ ላይ የሚዘል ልጅ እናያለን። ወላጆች ይህን ጉልበት ይሉታል፤ ሐኪም ግን የድካም ምልክት አድርጎ ቢመለከተው ይሻላል።

የአንዲት የቀን እንቅልፍ መጉደል ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት አነስተኛ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 36 ወር የሆኑ ሕፃናት አንድ የቀን እንቅልፍ ብቻ ሲዘለልባቸው፣ ሊገጣጥሙት በሚችሉት ጨዋታ የሚያሳዩት ደስታ ቀንሶ፣ ሊገጣጥሙት በማይችሉት ደግሞ ብስጭታቸው ጨምሮ ተገኝቷል። እንግዲህ «አመለኛ ሆነ» ተብሎ የሚቀጣ ልጅ ምናልባት እንቅልፍ የጎደለው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ጊዜው መድረሱ በምን ይታወቃል?

አብዛኞቹ ልጆች ወደ አንድ የቀን እንቅልፍ የሚሻገሩት ከ15 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ነው፤ ዓመት እንደሞላቸው የሚጀምሩ አሉ፤ ሁለት ዓመት እስኪቃረቡ የሚዘገዩም አሉ። ሁለትና ሦስት ቀን እንቢ ማለት ምልክት አይደለም። ጥርስ ሲያወጣ፣ ጉንፋን ሲይዘው፣ መራመድ ሲጀምር ማንኛውም ልጅ እንዲህ ያደርጋል። ለሁለት ሳምንት ያህል በአብዛኛዎቹ ቀናት ከሁለቱ አንዱን ካልተኛ፣ ወይም ሁለተኛው እንቅልፍ እስከ አመሻሽ እየገፋ የሌሊቱን መኝታ ካዘገየ ያን ጊዜ ሽግግሩን ማሰብ ይቻላል።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጡት መመሪያ፣ ዕድሜው 1 ዓመት ሆኖ 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ (አካዳሚው 1 እና 2 ዓመት በሚለው ዕድሜ) የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል፣ ቀን ደግሞ 2 ሰዓት የሚተኛ ልጅ በድምሩ 12 ሰዓት ተኩል አግኝቷል፤ ስለዚህ አንዱ እንቅልፍ ቀረ ብሎ መጨነቅ አያሻም። መቆጠር ያለበት ጠቅላላው ነው።

አካሄዱ

የጠዋቱን እንቅልፍ በአንድ ቀን ማስቀረት አይመከርም። ልጁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል የሚተኛ ከሆነ በየሁለት ሦስት ቀኑ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ወደፊት እየገፉ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ቀትር፣ ማለትም ከ6 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ማድረስ ይቻላል። ጠዋት ወደ ደጅ አውጥቶ ፀሐይ እንዲያይና እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ያግዛል። ምሳው ወደ 5 ሰዓት ተኩል ካልተሳበ ግን ልጁ ማንኪያው አፉ ውስጥ እንዳለ ያንቀላፋል፤ ወይም ተርቦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነቃል። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከእንቅልፉ መነሣቱ ለሌሊቱ ይበጃል።

በዚህ ወቅት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው፣ ወላጆች ግን ከሁሉ በላይ የሚቃወሙት ምክር የሌሊቱን መኝታ ማስቀደም ነው። ቀን ያነሰ እንቅልፍ የተኛ ልጅ ማታ በጊዜ መተኛት አለበት፤ ከወትሮው ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ምናልባትም ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ። «አምሽቶ ቢተኛ አርፍዶ ይነሣል» የሚለው ስሌት በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ አይሠራም። የልጁ ውስጣዊ ሰዓት በለመደው የንጋት ሰዓት ስለሚቀሰቅሰው፣ አምሽቶ የተኛው ልጅ ያመሸበትን ያህል እንቅልፍ ተቀንሶበት ይነሣል፤ ዕዳው ለማግሥቱ ይተላለፋል።

ተቃውሞው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ የሚሠሩ እናትና አባት የታክሲ ሰልፍና የመንገድ መጨናነቅ አልፈው ቤታቸው ሲደርሱ ምሽት 1 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ልጃቸውን የሚያዩት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ልጁን በዚያው አስተኙት ማለት አትዩት ማለት ይመስላል። ይሁንና መታጠቡንና እራቱን ሞግዚቷ ወይም አያት አስቀድመው ከጨረሱ፣ የገባው ወላጅ ጨዋታ ከመጀመር ይልቅ ልጁን አቅፎ ማስተኛቱን ሊረከብ ይችላል። ከጠዋት ሥራ በፊት ያለች ግማሽ ሰዓትም ለጨዋታ ትሆናለች። ደግሞም ቀደም ያለው መኝታ ለዘለቄታው አይደለም፤ ልጁ አንዱን እንቅልፍ ሲያረዝም ወደ ቀድሞው ሰዓት ይመለሳል።

ሌላው መሰናክል ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚመጣው ሸለብታ ነው። ልጁ በሞግዚቷ ጀርባ ታዝሎ ወይም ከማቆያ ሲመለስ በታክሲ ውስጥ ያንቀላፋል። ያች ሃያ ደቂቃ ከተጠራቀመው ዕዳ ላይ ስለምትቀንስ የሌሊቱን መኝታ ሁለት ሰዓት ልታዘገይ ትችላለች። ቀኑ ከከበደበት ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ለ15 ደቂቃ ያህል ማሳረፍ የተሻለ ነው። በቀን የሚውሉበት ሰው ይህን ካላወቀ የወላጆቹ ጥረት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ስለዚህ ሞግዚቷን ወይም የማቆያውን ሠራተኛ አስቀምጦ ማስረዳት ግዴታ ነው።

ማታ ማታ በአንድ ቅደም ተከተል የሚደረግ ልማድም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ፣ 405 እናቶችን ባሳተፈ ጥናት፣ ገላ ማጠብ፣ ሰውነት ማሸትና ጸጥ ያለ ጨዋታ በየምሽቱ በተከታታይ ሲደረግ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ ቶሎ መተኛትና ሌሊት መንቃትን መቀነስ ጀምረዋል፤ የእናቶቹም ስሜት ተሻሽሏል። ለእኛ አገር እናቶች ማሸትና እሹሩሩ ማለት አዲስ ትምህርት አይደሉም። አዲስ የሆነው አጠገባቸው የበራው ቴሌቪዥንና ስልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዓመት ልጅ ጨርሶ አይመክራቸውም፤ ደማቅ ብርሃን ሜላቶኒንን ስለሚቀንስም ከመኝታ በፊት ባለው ሰዓት መብራቱን ማደብዘዝ ይገባል። ልጁ ከእናቱ ጋር ይተኛ ወይስ ለብቻው የሚለው ግን ለዚህ ጉዳይ ወሳኝ አይደለም፤ ቤተሰቡ በለመደው ይቀጥል።

በድካም መካከል የሚደረጉ አደገኛ ነገሮች

ለሳምንታት ያልተኛ ወላጅ ትዕግሥቱ ማለቁ ሰብዓዊ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮች በጥብቅ መከልከል አለባቸው። አንደኛው «ትንሽ እንዲተኛ» ተብሎ የሚሰጥ የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ ነው። ከእነዚህ መካከል ፕሮሜታዚን የተባለው መድኃኒት ትንፋሽን አዳክሞ ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጥ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ አስፍሮበታል። መድኃኒት ቤት ሄዶ መግዛት መቻሉ ለሕፃን ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛው ልጁን በንዴት መነቅነቅ ነው፤ አንጎሉ ውስጥ ደም እንዲፈስ ያደርጋል። ትዕግሥት ያለቀበት ሰው ልጁን ጉዳት በማያገኘው ቦታ አስቀምጦ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ቢወጣ፣ ወይም ሌላ ሰው ቢጠራ ይሻላል። ልጁ ማልቀሱ አይጎዳውም።

አንዳንድ ልጅ በተኛ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንገት እየጮኸ ይነሣና እናቱን እንኳ የማያውቅ ይመስላል። ቤተሰቡ ክፉ ነገር ነካው ብሎ ይሸበራል። ይህ ከከባድ እንቅልፍ በግማሽ መንቃት ነው፤ እንቅልፍ በጎደላቸው ልጆች ላይ ይበዛል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ልጁም ጠዋት አያስታውሰውም። እንዳይወድቅ መጠበቅ እንጂ መቀስቀስ አያስፈልግም።

ሁሉም የእንቅልፍ መታወክ ግን ከሽግግሩ አይመጣም። በአብዛኛዎቹ ሌሊቶች የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይም ትንፋሹ ቆም የሚል ልጅ ቶንሲሉ ወይም በአፍንጫው ጀርባ ያለው ዕጢ አብጦ ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ እግሩን እያወራጨ የሚያድር፣ የገረጣ ወይም አፈር የሚበላ ልጅ የብረት ማዕድን እጥረት እንዳለበት መመርመር አለበት። ጆሮውን እየጎተተ የሚያለቅስና ትኩሳት ያለው፣ ሌሊት የሚያስለው፣ ክብደቱ የማይጨምር ልጅም እንዲሁ። እነዚህ ምልክቶች ሳይኖሩ ሽግግሩ ከስድስት ሳምንት በላይ ካስቸገረም ሐኪም ማማከር ይገባል። ለዚያ ቀጠሮ ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ የሚረዳው የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ነው፦ ልጁ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ሰዓት እንደነቃ፣ የት እንደተኛና ማን እንዳስተኛው፣ ከሰዓት በኋላ በጀርባ ላይ ያሸለባትን ጭምር።