እስትንፋስ ሳይቋረጥ መድረስ

ስለ አደንዛዥ ዕፅ በትምህርት ቤት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ እርሱም «አትቅመሱ፣ አትጀምሩ» የሚለው ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጀምሮ በሱስ የተያዘው ሰው ምን ይሁን? ራሱን ስቶ ወድቆ ብናገኘውስ ምን እናድርግ? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የማይሰጥ ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው። በዚህ ጽሑፍ ኦፒዮይድ በሚባሉት ዕፆችና መድኃኒቶች ምክንያት ሰው እንዴት እንደሚሞት፣ ሞቱንም እንዴት መከላከል እንደሚቻል በአጭሩ እናብራራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦፒዮይድ ምንድን ነው?

ኦፒየም የሚገኘው ፖፒ ከሚባለው ተክል ያልበሰለ ፍሬ ከሚንጠባጠብ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ከኦፒየም ሞርፊንና ኮዴይን ይወጣሉ፤ ሄሮይን ደግሞ ከሞርፊን ይሠራል። በኬሚካል ቅመማ በፋብሪካ የሚሠሩም አሉ፤ ከነዚህም መካከል ፔቲዲን፣ ትራማዶል፣ ሜታዶንና ፌንታኒል ይገኙበታል። ሁሉም በአንድነት ኦፒዮይድ ይባላሉ። ጫትና አልኮል ግን ከዚህ ወገን አይደሉም።

እነዚህ መድኃኒቶች በራሳቸው ክፉዎች አይደሉም። ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ወይም በካንሰር ሕመም ለሚሠቃይ ሰው ሞርፊን ትልቅ እፎይታ ነው። አደጋው የሚመጣው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ፣ መጠናቸው ሲያልፍ ወይም ከሌላ አደንዛዥ ነገር ጋር ሲደባለቁ ነው።

ሰው የሚሞተው እንዴት ነው?

ተኝተን ሳለን እንኳን መተንፈሳችንን የማናቋርጠው ለምን እንደ ሆነ በባዮሎጂ ክፍል ተምረናል። በደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ከአንጎል ሥር ያለው ክፍል ይህን አውቆ «ተንፍስ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ኦፒዮይድ ቁልፍ በመዝጊያው ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ በዚሁ ክፍል ባሉት ተቀባዮች ላይ ይገጥምና ትእዛዙን ያደክመዋል። እስትንፋስ እየዘገየ ይሄዳል፤ ኦክስጅን ያነሰው አንጎል ይጎዳል፤ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። ይህ ሁሉ ባንዴ የሚሆን አይደለም። ብዙ ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ይወስዳል። እንግዲህ በአካባቢው ላለ ሰው የማዳን ጊዜ አለው ማለት ነው። የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ይህ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ኦፒዮይድን ዘወትር የሚወስድ ሰው ሰውነቱ እየለመደው ስለሚሄድ ከቀድሞው የበለጠ መጠን ይፈልጋል። ለጥቂት ሳምንታት ሲያቋርጥ ግን ያ ልማድ ይጠፋል። ስለዚህ ከእስር ቤት የተፈታ ወይም ከሕክምና ማእከል የወጣ ሰው የቀድሞውን መጠን ቢወስድ የሚገድለው ያው የለመደው መጠን ነው። አልኮል ወይም ቫልየምን የመሰለ የእንቅልፍ መድኃኒት ሲጨመርበት አደጋው የባሰ ይሆናል። ብቻውን ሆኖ የሚወስድም ሰው ሲወድቅ የሚደርስለት የለም።

የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ትምህርት

ከአፍጋኒስታን የሚነሳው ሄሮይን በሕንድ ውቅያኖስ በኩል በጀልባ ተጭኖ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይገባል። ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ ቢሆንም የተወሰነው እዚያው ስለሚቀር በሞምባሳ፣ በማሊንዲ፣ በዛንዚባርና በዳሬሰላም ብዙ ወጣቶች በሱስ ተይዘዋል። በጋራ መርፌ መጠቀማቸውም ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን አዛምቷል።

እንበልና አንድ የሞምባሳ ወጣት ስድስት ወር ታስሮ ተፈታ። በዚያው ምሽት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የቀድሞውን ያህል ወሰደ። ጥቂት ቆይቶ እንደሚያንኮራፋ ሰው ጉሮሮው ይንቋረር ጀመር። ጓደኞቹ «ተኝቷል፣ ተዉት» አሉ፤ ሁኔታው ሲያስፈራቸውም ፖሊስ እንዳይዛቸው በሩን ዘግተው ሄዱ። ይህ ወጣት ቢሞት የገደለው ሄሮይኑ ብቻ ነውን? የጓደኞቹ አለማወቅና ፍርሃትም አብረው ገድለውታል።

ምን ማድረግ ይገባል?

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሰውዬው ቢጠሩት አይነቃም፤ እስትንፋሱ በጣም የዘገየ ወይም የቆመ ነው፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠብቧል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ጠቁረዋል ወይም አመድ መስለዋል። እንዲህ ሲሆን፦

ሀ/ በስሙ ጮክ ብሎ መጥራት፣ የደረቱንም አጥንት በጣት መገጣጠሚያ ጠንከር አድርጎ ማሸት፤

ለ/ ካልነቃ ወዲያው አምቡላንስ ወይም የጤና ባለሙያ ማስጠራት፤

ሐ/ በጀርባው አስተኝቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በየአምስት ሴኮንዱ አንድ ጊዜ በአፉ መተንፈስ፤ የልብ ትርታው ከቆመ ሥልጠናው ያለው ሰው ደረቱን ይጫን፤

መ/ ናሎክሶን ካለ መስጠት፤

ሠ/ መተንፈስ ሲጀምር ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ ማስተኛት፣ እርዳታ እስኪደርስም ከአጠገቡ አለመለየት።

ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት፣ ወተት ወይም ቡና መጋት፣ ማስታወክ፣ በጥፊ መማታት አይጠቅሙም። ራሱን በሳተ ሰው አፍ የሚገባ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ወርዶ ሊገድለው ይችላል።

ናሎክሶን ከላይ በጠቀስነው መዝጊያ ላይ ከኦፒዮይድ የበለጠ የሚገጥም ሌላ ቁልፍ ነው። ኦፒዮይዱን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፤ እስትንፋስም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። በጡንቻ በመርፌ ይሰጣል፤ በአፍንጫ የሚረጭም አለ። በአሜሪካ በ1971 የተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ ከ2023 ጀምሮም በአፍንጫ የሚረጨው እዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁት ይበጃል። በሰውነቱ ኦፒዮይድ ለሌለበት ሰው በስሕተት ቢሰጥ አይጎዳውም። ሆኖም ኃይሉ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ የነቃው ሰው ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ አደጋ ሊያጋጥማቸው የሚችሉ ቤተሰቦችና ጓደኞች ሁሉ ናሎክሶን እንዲያገኙና እንዲሠለጥኑበት መክሯል።

ከነፍስ ማዳን ወደ ሕክምና

ከሞት የተረፈው ሰው ነገም ሱሱ አብሮት አለ። የሄሮይን ኃይል በጥቂት ሰዓታት ስለሚያልቅ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ገንዘብና ዕፅ ሲያሳድድ ይውላል። ሜታዶን ግን በቀን አንድ ጊዜ በባለሙያ ፊት የሚጠጣ ሲሆን ሕመሙን ለአንድ ቀን ያህል ያስታግሣል። ታካሚው መርፌውን ይተዋል፤ ወደ ሥራውና ወደ ቤተሰቡ ለመመለስ ፋታ ያገኛል። ታንዛኒያ በ2011 በዳሬሰላም በሚገኘው በሙሂምቢሊ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ጀመረች። ኬንያም በ2014 መጨረሻ በናይሮቢ ተከተለች። ገና መርፌውን ላልተዉት ደግሞ ንጹሕ መርፌ ማደል በሽታ እንዳይዛመት ይረዳል።

«ይህ ሱስን ማበረታታት አይደለምን?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም፣ ሱስን ለመተው አስቀድሞ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል የሚል ነው። የሞተን ሰው ማንም ሊመክረው አይችልም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ታዲያ በሱስ የተያዘው ሰው በሽታውን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ስድባችንንና ንቀታችንን ፈርቶ ነውና ለመደበቁ እኛም ተጠያቂዎች ነን።

የመምህሩ ድርሻ

መምህር ሐኪም አይደለም፤ ፖሊስም አይደለም። ነገር ግን የአፍ ለአፍ ትንፋሽ አሰጣጥን በክፍል ውስጥ ማሳየት ይችላል። ከሁሉም በላይ ተማሪዎቹ ጓደኛቸው ሲወድቅ በሩን ዘግተው ከመሸሽ ይልቅ ሮጠው እርሱን እንዲጠሩት የሚያደርግ እምነት መገንባት ይችላል። የተጠራም ዕለት ምርመራውንና ተግሣጹን ለነገ አቆይቶ መጀመሪያ እስትንፋሱን ይመልከት።

ለክፍል ውይይት

1/ ከእስር የተፈታ ሰው ከሌላው ይልቅ ለአደጋ የሚጋለጠው ለምንድን ነው?

2/ ናሎክሶን ተሰጥቶት የነቃ ሰው ብቻውን መተው የሌለበት ለምንድን ነው?

3/ በጽሑፉ ከተጠቀሰው ወጣት ጓደኞች አንዱ ብትሆኑ ኖሮ ምን ታደርጉ ነበር? እንዳታደርጉትስ የሚያግዳችሁ ምንድን ነው?